አልተርኔተሩ ባትሪ አይሞላም፤ ጥፋቱ የራሱ ነው ወይስ የቀጭኑ ሽቦ?

የመኪና ኤሌክትሪክ የምታውቁ ወገኖቼ፣ እባካችሁ ምክራችሁን አትንፈጉኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ታግዬ አንድ ቦታ ላይ ቆሜያለሁ።

መኪናዬ አሮጌ፣ ባለ 12 ቮልት ነው። ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ባትሪው ላይ 12.5 ቮልት አነባለሁ። ሲነሳ ወደ 14 መውጣት ሲገባው 12.2 ላይ ይቀራል፤ የፊት መብራት ስከፍት 11.8 ይወርዳል። አልተርኔተሩ (በሞተሩ ኃይል ዞሮ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ክፍል) ጀርባ ባለው ወፍራም የመውጫ ብሎን ላይ ስለካም ቁጥሩ ያው ስለሆነ፣ ወፍራሙ ገመድ ጤነኛ ነው ብዬ አምናለሁ። ቺንጋው አዲስ ነው፤ የባትሪውን ማሰሪያዎችም አጽድቼ አጥብቄያለሁ።

እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነገር ነው። ቁልፉን ስከፍት፣ ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት፣ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ቀዩ የባትሪ ምልክት መብራት ሲገባው አይበራም። ከዚህ ምልክት ወደ አልተርኔተሩ የሚሄደውን ቀጭን ሽቦ ከአልተርኔተሩ ነቅዬ ከሞተሩ ብረት ጋር ሳነካካውም አልበራም። አልተርኔተሩ ማመንጨት እንዲጀምር የሚያስፈልገው መቀስቀሻ ኃይል የሚመጣው በዚያች አምፖል በኩል ከሆነ፣ አምፖሏ ተቃጥላ ወይም ሽቦው ተቆርጦ ሊሆን አይችልም?

«አልተርኔተሩን ቀይረው» የሚለኝ በዝቷል፤ እኔ ግን ያልተመረመረ ዕቃ መጣል አልፈልግም። ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ አውልቅ የሚለውንም ምክር አልቀበልም፤ ቮልቱ ድንገት ዘሎ ዳዮዶቹን (ኤሌክትሪኩን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉትን የአልተርኔተሩን ክፍሎች) ሊያቃጥል ይችላል።

ቁልፍ ሲከፈት ኃይል ከሚያገኝ መስመር፣ በአንዲት ባለ 3 ዋት አምፖል በኩል፣ ቀጭኑ ሽቦ ወደሚሰካበት ቦታ ባገናኝ አልተርኔተሩን መፈተን እችላለሁ? ወይስ አስቀድሜ ካርቦኖቹን (ለሚዞረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያደርሱትን) እና ሬጉሌተሩን (ቮልቱን የሚቆጣጠረውን) ልፍታ?