ድንበር ተሻጋሪ ወንጀል፦ ፖሊስ መልእክት በጅምላ ይጥለፍ?

የክርክሩ ጥያቄ፦ የተደራጁ የወንጀል ቡድኖች ከአገር አገር እየተሻገሩ ሲሠሩ የፖሊስ ሥልጣን ግን በየአገሩ ወሰን ላይ ያበቃል። ይህን ክፍተት ለመዝጋት ፖሊስ የተመሰጠሩ መልእክቶችን በጅምላ የመጥለፍ ሥልጣን ሊኖረው ይገባልን?

አንደኛ ተከራካሪ፦ ይገባል። አንድ ዐቃቤ ሕግ ከሌላ አገር ማስረጃ ሲፈልግ ጥያቄውን አስተርጉሞ በመንግሥታቱ በኩል ይልካል፤ መልሱ እስኪመጣ ስልኩ ተቀይሮ፣ ገንዘቡ ወጥቶ፣ ተጠርጣሪውም ተሰውሮ ይቆያል። የፈረንሳይና የኔዘርላንድስ መርማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ኤንክሮቻት የተባለውን የምስጢር ስልክ አገልግሎት ሰብረው በመግባት ወንጀለኞች የሚላላኩትን ማንበብ ችለዋል። የአውሮፓ ኅብረት የፖሊስ ትብብር ድርጅት የሆነው ዩሮፖል በ2023 እንዳስታወቀው ከዚያ በተገኘው መረጃ 6,558 ሰዎች ተይዘዋል፤ ወደ 900 ሚሊዮን ዩሮ የሚጠጋ ገንዘብም ተይዟል ወይም ታግዷል። ታቅደው የነበሩ ግድያዎች ሳይቀሩ ከሽፈዋል። ይህን ያህል ውጤት ያስገኘ የደብዳቤ ልውውጥ አላውቅም።

ሁለተኛ ተከራካሪ፦ የጠቀሱት ቁጥር ትክክል ነው፤ የማልስማማው ከቁጥሩ በወሰዱት መደምደሚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 አንድ ኤርትራዊ ወጣት ሲፈለግ የነበረው የሰዎች አሻጋሪ ነው ተብሎ ከሱዳን ለጣሊያን ተላልፎ ተሰጠ። ከማስረጃዎቹ አንዱ የተጠለፈ የስልክ ንግግር ነበር። እናቱ ልጃቸው መሆኑን ለማስረዳት እስከ ጣሊያኗ ከተማ ፓሌርሞ ተጉዘው የዘረመል ናሙና ሰጡ፤ የከተማዋ ፍርድ ቤት ግን፣ በሌላ ቀለል ያለ ጥፋት ቢፈርድበትም፣ ተፈላጊው ሰው እርሱ አለመሆኑን አረጋግጦ የለቀቀው ሦስት ዓመት ከታሰረ በኋላ በ2019 ነው። ንግግርን መጥለፍ ይቻላል፤ የተናጋሪውን ማንነት ማጣራት ግን ቋንቋውን የሚያውቅና ዘመድና ጎረቤት የሚጠይቅ መርማሪ ይፈልጋል፤ ይህ ደግሞ በጅምላ የሚሠራ ሥራ አይደለም።

ሦስተኛ ተከራካሪ፦ ሁለታችሁም የተከራከራችሁት ሰውን ስለ መያዝ ነው። ዕቃ ጭኖ ድንበር ላይ የተያዘ አሽከርካሪ በማግስቱ በሌላ ይተካል፤ አለቃው የሚጎዳው ገንዘቡ ሲወሰድበት ነው። ሆኖም ዩሮፖል እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ጥናት መሠረት በአውሮፓ ኅብረት ከሚገመተው የወንጀል ትርፍ በመጨረሻ የተወረሰው 1.1 በመቶ ብቻ ነበር። ጣሊያን ከ1982 ጀምሮ ማፍያው ሕጋዊ ምንጩን ማስረዳት ያልቻለበትን ንብረት የምትወርስበት ሕግ አላት፤ በ2000 ፓሌርሞ ላይ ለፊርማ የቀረበው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነትም አባል አገሮች «የባንክ ምስጢር ነው» ብለው ትብብር እንዳይከለክሉ ይደነግጋል። ሕጉ አለ፤ የጎደለው ሒሳብ የሚመረምር ሠራተኛ ነው።

አንደኛ ተከራካሪ፦ በዚህ እስማማለሁ፤ ነገር ግን የትኛውን ሒሳብ እንደሚመረምር ለዚያ ሠራተኛ ማን ይነግረዋል? ብዙ ጊዜ የሚነግረው መልእክቱ ነው።

ሁለተኛ ተከራካሪ፦ እንግዲያው መልእክቱ እንዴት እንደተገኘ ለተከሳሹም ይነገረው። ፈረንሳይ ኤንክሮቻት የተሰበረበትን ስልት የአገር መከላከያ ምስጢር ብላ ሸፍናዋለች፤ ጠበቃው መልእክቱ ተሟልቶ መቅረቡን የሚያጣራበት መንገድ የለውም። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2024 ተከሳሽ በአግባቡ አስተያየት ሊሰጥበት የማይችለው፣ በፍርዱም ላይ ከፍተኛ ተጽዕኖ ሊኖረው የሚችል ማስረጃ ውድቅ መደረግ እንዳለበት ወስኗል። ያን ውሳኔ ሙሉ በሙሉ የሚቀበል የጠለፋ ሕግ ቢቀርብልኝ፣ ጠለፋውም በዳኛ ትእዛዝ፣ ተጠርጥሮ በታወቀ ሰው ላይ ብቻ የሚደረግ ቢሆን፣ አልቃወመውም።