የሥር ቦይ ማጠቢያ ፈሳሾች ደኅንነት፦ ለጋራ ምክረ ሐሳብ የተከፈተ የዕቅድ ውይይት

አስተባባሪ፦
ውድ የሙያ አጋሮች፣ ለማኅበራችን ሥራ አመራር የምናቀርበው የመጀመሪያ ረቂቅ ለሩት ካናል (ለጥርስ ሥር ቦይ ሕክምና) የምንጠቀምበት ሶዲየም ሃይፖክሎራይት (በበረኪና ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር) በየትኛውም ክሊኒክ ከ2.5 በመቶ እንዳይበልጥ ይጠይቃል። ፈሳሹ ተህዋስያንን ከመግደሉም በላይ በቦዩ ውስጥ የቀረውን የነርቭ ቅሪት ስለሚያሟሟ ልንተወው አንችልም፤ ከሥሩ ጫፍ አልፎ ከወጣ ግን በሕያው ሥጋ ላይ የሚሠራው ያንኑ ነው። አስተያየታችሁን እንጠብቃለን።

የሥር ቦይ ሕክምና ስፔሻሊስት፦
ዓላማውን እደግፋለሁ፤ ቁጥሩ ግን ቀዳሚ አንቀጽ መሆን የለበትም። ከ0.5 እስከ 5.25 በመቶ ባለው መጠን የሚሠሩ ባለሙያዎች አሉ፤ ከሁሉም በላይ የሚያሰጋው መርፌው በቦዩ ውስጥ ተቀርቅሮ ሳለ ሲሪንጁ በኃይል ሲገፋ ነው። ስለዚህ ምክረ ሐሳቡ ጫፉ የተደፈነና በጎኑ የሚያፈስ ቀጭን መርፌ፣ ከተለካው የሥር ርዝመት ቢያንስ 2 ሚሊ ሜትር ቀርቶ፣ በቦዩ ውስጥ ላላ ብሎ እየተንቀሳቀሰ እንዲያጥብ በማዘዝ ይጀምር። ሲሪንጁ በአውራ ጣት ሳይሆን በሌባ ጣት በዝግታ እንዲገፋ በግልጽ ይጻፍልኝ፤ አውራ ጣት ሳናስበው ከሚገባው በላይ ይጫናል። የሥራቸው ጫፍ ገና ያልተዘጋ ጥርሶች ላይ ጥንቃቄው ይበልጥ ይጥበቅ። ያለ ራበር ዳም (ጥርሱን ከቀረው አፍ የሚለይ የጎማ ሽፋን) እና ያለ ታካሚው የዓይን መከላከያም ሥራው ባይጀመር ይሻላል።

የክሊኒክ ኃላፊ፦
በስፔሻሊስቱ ሐሳብ እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ልጨምር። የሱቅ በረኪና በውሃ አቅጥኖ የሚጠቀም ክሊኒክ፣ በረኪናው በሙቀት፣ በብርሃንና በመቆየት ኃይሉን ስለሚያጣ፣ 2.5 በመቶ ብሎ የሚቀዳው ፈሳሽ በእርግጥ ስንት እንደሆነ ማወቅ አይችልም። ማኅበሩ ለሕክምና የተዘጋጀውን በጋራ ግዢ ቢያቀርብልን ገደቡ ትርጉም ይኖረዋል። ፈሳሹ ከማደንዘዣ ጋር በዓይን ስለማይለይ፣ በማደንዘዣ ምትክ ሃይፖክሎራይት የተወጉ ታካሚዎች በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግበዋል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ሲሪንጅ ከመሞላቱ በፊት ምልክት ይለጠፍበት፣ ባዶ የማደንዘዣ ካርትሪጅም ፈጽሞ እንዳይሞላ ይከልከል።

ሌላ አባል፦
ሃይፖክሎራይትና ሌላው ፀረ ተህዋስያን ማጠቢያ ክሎርሄክሲዲን ሲገናኙ ቡናማ ዝቃጭ ስለሚፈጥሩ በመካከላቸው በሳላይን (በጨው ውሃ) ይታጠብ የሚል ሐረግ ይግባ።

የክሊኒክ ኃላፊ፦
አደጋ ሲደርስ የሚደረገውም ይካተት። ታካሚው በድንገት ከባድ ሕመም ከተሰማው፣ ከቦዩ ደም ከፈሰሰና ፊቱ ወዲያው ካበጠ፣ ማጠቡ ይቁም፤ የሆነው ሳይሸፋፈን ይነገረው፤ ማስታገሻ ይሰጠው፤ በመጀመሪያው ቀን ከውጭ በረዶ ይያዝለት። መዋጥ ወይም መተንፈስ ከከበደው ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል ይላክ።

አስተባባሪ፦
የመርፌው አንቀጽ ቀዳሚ ይሆናል፤ የምልክቱ፣ የሳላይኑና የአደጋው አንቀጾች ይከተላሉ። የ2.5 በመቶው ገደብ የጋራ ግዢው ጥያቄ ምላሽ እስኪያገኝ በቅንፍ ይቆያል። ስፔሻሊስቱ የመጀመሪያውን አንቀጽ፣ የክሊኒክ ኃላፊው የአደጋውን አንቀጽ በጽሑፍ እንዲያቀርቡልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።