የፋርስ ቤቶች ጌጥ በረንዳው ላይ የሚበዛው ለምንድን ነው?

ጥያቄ (ከዱባይ)
ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ዓመት ኢራን ውስጥ በካሻን ከተማ ሁለት ቀን ቆይቼ ነበር። ከመንገድ ሲታዩ መስኮት እንኳ የሌላቸው የጭቃ ግድግዳ ብቻ የሚመስሉት ጥንታዊ ቤቶች፣ ጠመዝማዛውንና ጨለም ያለውን መተላለፊያ አልፎ ግቢያቸው ውስጥ ለገባ ሰው ፍጹም ሌላ ሆነው ይታያሉ። በቦሩጀርዲ ቤት ከገንዳው ዳር ቆሜ ፊት ለፊት ያለውን ከፍ ያለ በረንዳ ስመለከት፣ አበባውና ወፉ ሁሉ በጀሶ ተቀርጾ አየሁ። ይህ ሁሉ ጌጥ ከመንገዱ ተሸሽጎ በረንዳው ላይ የተከማቸው ለምን ይሆን? ደግሞስ ጀሶ ቶሎ የሚይዝ ነገር ሆኖ ሳለ፣ እንዲህ ያለ ስስ ቅርጽ እንዴት ወጣለት?

ምላሽ 1
በመጀመሪያው ጥያቄዎ ልጀምር። እነዚህ ቤቶች ፊታቸውን ወደ ውስጥ ያዞሩ ናቸው፤ የቤቱ እውነተኛ ፊት በመንገዱ በኩል ያለው ግድግዳ ሳይሆን ግቢውን የሚመለከተው በረንዳ፣ በእነርሱ አጠራር ኢዋን ነው። ትልልቆቹ ቤቶች ለቤተሰቡ የሚሆን አንደሩኒና ለእንግዳ የሚሆን ቢሩኒ የሚባሉ ሁለት ክፍሎች አሏቸው። ነጋዴው እንግዳውን የሚቀበለው በቢሩኒው ስለሆነ፣ ሀብቱንና የባለሙያዎቹን ብቃት የሚያሳየውም በዚያው በኩል ነው። በተለምዶ የበጋው ወገን ከግቢው በስተደቡብ ተሠርቶ ወደ ሰሜን ስለሚመለከት ፀሐይ አያገኘውም፤ ሰውም በሙቀቱ ወራት ብዙ ሰዓት የሚቀመጠው በዚያ ነው። ሲቀመጡ የሚያዩት ነገር ቢያጌጥ አያስደንቅም። እርስዎ ያዩት ቤት ሥራው የተጀመረው በ1857 እ.ኤ.አ.፣ በቃጃር ነገሥታት ዘመን ሲሆን፣ ዋናው ግንበኛ ኡስታድ አሊ ማርያም ነበር።

ምላሽ 2
እኔ የጀሶ ሠራተኛ ስለሆንሁ ሁለተኛውን ጥያቄ ብመልስ ይሻላል። እኛ ጀሶውን ባልዲ ውስጥ በጥብጠን እስኪይዝ ያለን ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ስልክ አንሥቶ ሁለት ቃል የተናገረ ሰው ባልዲውን በመዶሻ ሲሰብር ይውላል። የፋርስ ባለሙያዎች ግን ጋች ኮሽቴ፣ ማለትም «የተገደለ ጀሶ» የሚሉት አሠራር አላቸው። ጀሶውን ውሃ አብዝተው ይበጠብጡትና ሳያቋርጡ በእጅ ያማስሉታል፤ ሊይዝ በጀመረ ቁጥር እንቅስቃሴው ስለሚያፈርሰው ቶሎ የመጠንከር ጠባዩ ይጠፋና እንደ ቅቤ የለሰለሰ ሆኖ ይቆያል። ግድግዳውን አስቀድመው በተራ ጀሶ ይመርጉታል፤ ይህን ልስልሱን የሚቀቡት በላዩ ላይ፣ በስሱ ነው። ለቅርጹም ጀሶው ዘግይቶ እንዲይዝ ስለሚያደርጉት፣ ሐረጉን በስስ ቢላ ለመፈልፈል ጊዜ አይጎድላቸውም። በምላሽ 1 ላይ አንድ ነገር ልጨምር፦ ጀሶ ውሃ አይወድም። ጌጡ ከጥልቅ ቅስት ሥር ገባ ብሎ የተቀመጠው ለዓይን ብቻ ሳይሆን ከዝናብም ለመጠለል ይመስለኛል።

ምላሽ 3
ጌጥን ከዝናብ የመጠለሉ ነገር በሌላዋ የኢራን ከተማ በሺራዝም በደንብ ይታያል። በናሬንጀስታን፣ ከ1879 እስከ 1886 እ.ኤ.አ. የቃቫም ቤተሰብ ባሠራው ቤት፣ ለፀሐይና ለዝናብ በተጋለጠው ፊት ላይ ባለቀለም የሸክላ ንጣፍ ሲለጠፍ፣ የመስታወት ጌጡ ግን በረንዳው ውስጥ ነው። የሸክላው ሥራ ሀፍት ራንጊ፣ «ሰባት ቀለም» ይባላል፤ ቀለሞቹ ሁሉ በአንዱ ንጣፍ ላይ ተቀብተው አንድ ላይ ይተኮሳሉ። ሁለቱን የድንጋይ ዓምዶች አልፈው ቀና ሲሉ ጣሪያውና ግድግዳው በትናንሽ የመስታወት ቁርጥራጭ ተሞልቷል። ከአውሮፓ የመጣ መስታወት መንገድ ላይ ስለሚሰባበር ስብርባሪውን ላለመጣል ይህ ጥበብ ተጀመረ ይባላል። እኔ ግን ከዚህ ታሪክ ይልቅ ውጤቱ ያሳምነኛል፤ ቁርጥራጮቹ እያንዳንዳቸው በጥቂቱ ዘንበል ብለው ስለሚለጠፉ ፊትዎን በሙሉ አያሳዩዎትም፤ የአትክልቱን አረንጓዴና የውሃውን ብርሃን ከፋፍለው ይበትኑታል እንጂ። እንደ ማር እንጀራ የተደራረቡት ሙቀርናስ የሚባሉት የቅስት ቅርጾች ላይ ሲለጠፍማ፣ የጣሪያው ጥግ የት እንደሚያበቃ ለመለየት ያስቸግራል።

ጠያቂው
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፎቶዎቼን መለስ ብዬ ሳያቸው የወፎቹ ክንፍ ጠርዝ ላይ የቢላው ዱካ ይታያል፤ ያኔ ስንጥቅ መስሎኝ ነበር።