በቤዝ 3 ሲጻፉ 2 የሌለባቸው ቁጥሮች፦ ሃምሳኛውን እንዴት ላግኝ?

ጥያቄ (መምህር፣ ከደሴ)
ጤና ይስጥልኝ። ለሒሳብ ክበባችን ይህን የቁጥር ድርድር ሰጥቻለሁ፦ 1፣ 3፣ 4፣ 9፣ 10፣ 12፣ 13፣ 27፣ 28… በቤዝ 3፣ ማለትም ቤቶቹ ከቀኝ ወደ ግራ 1፣ 3፣ 9፣ 27… በሚያወጡበት አጻጻፍ፣ ሲጻፉ 0 እና 1 ብቻ የሚታዩባቸው ቁጥሮች ናቸው። አንድ በአንድ ሳልዘረዝር ሃምሳኛውን የማገኝበት መንገድ አለ? አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ደግሞ «በእኩል ርቀት የተቀመጡ ሦስት ቁጥሮች ብፈልግ አጣሁ» አለችኝ። ድርድሩ የቱንም ያህል ቢረዝም እውነት ነው?

መልስ (ከሐይቅ)
መምህር፣ መንገዱ አጭር ነው። 50ን በቤዝ 2 ይጻፉት፦ 110010። ከዚያ አሃዞቹን ሳይነኩ በቤዝ 3 እንደተጻፈ አድርገው ያንብቡት፦ 243 + 81 + 3 = 327። የ0 እና የ1 ቅንብሮች በሁለቱም ቤዝ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ስለሚመጡ ሁልጊዜም ይሠራል።

መልስ (ከኮምቦልቻ)
ተማሪዋ ልክ ናት፤ እባክዎ ማረጋገጫውን ራሷ ሰሌዳ ላይ ትሥራው። ቁጥሮቹ ሀ፣ ለ፣ ሐ ይሁኑ። ርቀታቸው እኩል ከሆነ ሀ + ሐ = 2ለ ነው። የለ አሃዞች 0 እና 1 ብቻ ስለሆኑ የ2ለ አሃዞች 0 ወይም 2 ይሆናሉ። ሀ እና ሐ ሲደመሩም በየትኛውም ቤት ከ2 ስለማይበልጥ ወደ ቀጣዩ ቤት የሚሻገር የለም። እንግዲህ ድምሩ 0 በሆነበት ቤት ሁለቱም 0፣ 2 በሆነበት ቤት ሁለቱም 1 ናቸው። ሀ እና ሐ አንድ ቁጥር ሆኑ ማለት ነው! ስንት ጊዜ ባየው የማይሰለቸኝ ማረጋገጫ ነው።

መልስ (ከባቲ)
ባለ ሁለት ጎን ሚዛን ካለ ወደ ክበቡ ያምጡ። የ1፣ የ3፣ የ9 እና የ27 ኪሎ ድንጋዮችን በአንድ ጎን ብቻ ካስቀመጡ የሚመዘኑት የእርስዎ ድርድር ቁጥሮች ብቻ ናቸው፤ 5 ኪሎ ማሽላ አይመዘንም። ከእህሉ ጎንም ድንጋይ ማስቀመጥ ከተፈቀደ ግን 9ን በአንድ ወገን፣ 3ን እና 1ን ከማሽላው ጋር ያድርጉ። ማሽላው 5 ኪሎ ይሆናል። በአራቱ ድንጋዮች ከ1 እስከ 40 ያለው ሙሉ ኪሎ ሁሉ ይመዘናል። ለትንንሾቹ ከዚህ መጀመር ይሻላል እላለሁ።

መምህሩ
እግዜር ይስጥልኝ። ቤዝ 4 ቢሆንስ?

መልስ (ከኮምቦልቻ)
1፣ 4፣ 5፣ 16፣ 17፣ 20፣ 21… የሞዘርና የደ ብሮይን ድርድር ይባላል። ማረጋገጫው ሳይለወጥ ይሠራል። 0ን ከጨመሩበት ደግሞ ማንኛውም አሉታዊ ያልሆነ ሙሉ ቁጥር የድርድሩን አንድ ቁጥር ከሌላው ወይም ከራሱ እጥፍ ጋር በመደመር፣ በአንድ መንገድ ብቻ ይገኛል፦ 11 = 1 + 2 × 5።