ታፕ (የቡሎን ጥርስ ማውጫ) ሞልድ ውስጥ ተሰብሮ ቀረብኝ፣ በአልትራሶኒክ ይወጣል?

ቶርኖ ቤት፦ ሰላም ወንድሞች፣ ጉድ ሆኛለሁ። የፕላስቲክ ክዳን ሞልድ ነው። ጥርሱ ቀድሞ ወጥቶለት ነው ሂት ትሪትመንት (በሙቀት ማጠንከሪያ) የሄደው፣ ሲመለስ ግን ጉድጓዱ ውስጥ ቅርፊት ይዞ ነበር። ላጽዳው ብዬ ኤም 8 ታፕ ሳስገባ ቀጭ! ከአፉ 4 ሚሊ ገባ ብሎ ተሰበረ። የብረቱ ጥንካሬ 58 ሮክዌል ነው። በኮባልት ፑንታ ሞከርኩ፣ ፑንታው ተቃጠለ እንጂ ታፑ ምንም አልሆነም። አንድ ልጅ “አልትራሶኒክ ማሽን መስታወትም ሴራሚክም ይበሳል፣ ይሄ ምን ያቅተዋል” አለኝ። እውነት ነው? ባለንብረቱ በቀን ሦስቴ ይደውላል።

ብየዳ በላይ፦ ዳዶ በየድበትና በቁልፍ አዙረው። ካልሆነ በኦክስጅን አግለህ አለስልሰው፣ ከዚያ ትበሳዋለህ።

አሮጌው ፍሬዛ፦ ኧረ ተው! ታፑን ሲያለሰልስ ሞልዱንም ያለሰልሰዋል፣ ሊያጣምመውም ይችላል። ዳዶውም ቢሆን 4 ሚሊ ጥልቀት ውስጥ ስትበይድ ከግድግዳው ጋር ይያያዝብሃል።
ልጄ፣ አልትራሶኒክ ያለህ ልጅ ግማሹን ሰምቷል። መሣሪያው በሰከንድ 20 ሺህ ጊዜ ያህል ይርገበገባል፣ የሚበላው ግን እሱ ራሱ ሳይሆን ከሥሩ በውሃ የሚፈሰው የቦሮን ካርባይድ ዱቄት ነው። ዱቄቱ እየመታ ይሸርፋል። ስለዚህ የሚሸረፍ ነገር ይፈልጋል፦ መስታወት፣ ሴራሚክ፣ ኳርትዝ። ብረት ምቱን ይውጠዋል። የደነደነ ብረት ላይ በጣም ይንቀራፈፋል፣ መሣሪያውም አብሮ ያልቃል።
ያንተ መድኃኒት ኢዲኤም ነው። ኤሌክትሮድ ከሚባል ዘንግ በሚወጣ የኤሌክትሪክ ብልጭታ እያቀለጠ ይበላል፣ ጥንካሬ አይገደውም፣ ኤሌክትሪክ ካስተላለፈ በቃው።

ቶርኖ ቤት፦ ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ኤሌክትሮዱ ስንት ሚሊ ይሁን? ጥርሱስ አይበላም?

አሮጌው ፍሬዛ፦ የመዳብ ዘንግ፣ 5 ሚሊ። የኤም 8 ቀዳዳ ለጥርስ ሲዘጋጅ 6.8 ስለሚበሳ፣ ብልጭታው ትንሽ ቢያሰፋው እንኳ ጥርሱን አይነካም። ዋናው ነገር መሐሉ ላይ በትክክል ማቆም ነው። የታፑ እምብርት ሲበላ ክንፎቹ ተለያይተው ይቀራሉ፣ በመርፌ ለቅመህ ታወጣቸዋለህ። ቧንቧ ኤሌክትሮድ ካላቸው ደግሞ ይሻላል፣ ማሽኑ የሚሠራበት ፈሳሽ በመሐሉ ገብቶ ቆሻሻውን ያጥበዋል።

ሽቦ ቆራጭ፦ በዋየር ከት (በሽቦ በሚቆርጥ ኢዲኤም) ብቻ የሚሠሩ ቤቶች አሉ፣ እዚያ ይዘህ ሄደህ እንዳትንከራተት። ሽቦው ከዳር ወይም ከዳር እስከ ዳር ከተበሳ ቀዳዳ መነሳት አለበት። አንተ የምትፈልገው ሲንከር የሚባለውን፣ ኤሌክትሮዱን ወደ ታች የሚያስገባውን ነው። እና ፈሳሹ ነጭ ጋዝ ከሆነ ሞልዱ ሙሉ በሙሉ መጥለቁን እይ፣ ብልጭታው ፈሳሹ አፍ ላይ ከሆነ እሳት ይነሳል። እኔ አንዴ ቅንድቤን ሰጥቼ ነው የተማርኩት።

ብየዳ በላይ፦ እኔ በዳዶ አውጥቼ አውቃለሁ፣ ለነገሩ ታፑ ከላይ ብቅ ብሎ ነበር።

ቶርኖ ቤት፦ ወጣ! ክንፎቹ አራት ሆነው ተለያዩ፣ አንዱ ብቻ አስቸገረኝ። የላይኛው አንድ ጥርስ ትንሽ ተበልቷል፣ ቡሎኑ ግን ይይዛል። ቅርፊቱን አሁንም በምን ላጽዳው? ታፕ ማየት አልፈልግም።

አሮጌው ፍሬዛ፦ አሮጌ ቡሎን ጎኑን በመጋዝ ሰንጥቀህ፣ የላፒንግ ቅባት (የሚፍቅ ዱቄት ያለበት) ቀብተህ በእጅህ ወዲህ ወዲያ አድርገው። ከጠበቀብህ አታስገድደው።