ዝንጅብል ከዛንዚባር ነው ወይስ ከሕንድ?

— «ዝንጅብል» ከዛንዚባር የመጣ ቃል ነው ሲባል ሰማሁ። ድምፁም ይቀራረባል። እውነት ነው?

— መመሳሰሉ አያታልልዎ። ዛንዚባር ከፋርስኛ ነው፤ «ዛንግ» ጥቁር ሰው፣ «ባር» የባሕር ዳርቻ። «ዝንጅብል» የሚለው ቃል ዘሩ ሌላ ነው። ከጥንቶቹ የሕንድ ቋንቋዎች ሳንስክሪቱ «ሽሪንጋቬራ»፣ ፓሊው «ሲንጊቬራ» ይለዋል። በሱርስት (በጥንቱ የሶርያ ቋንቋ) «ዘንገቢል» ሲሆን መነሻው ድምፅ ወደ ዘ፣ ቨ ወደ በ፣ መጨረሻው ር ወደ ል ዞሯል፤ ገ ግን ገና አልተነካም። «ገ»ን ወደ «ጀ» የለወጠው ዓረብኛ ነው፦ «ዘንጀቢል» (ቁርኣን 76፥17)። አማርኛ አናባቢዎቹን ሳድስ አደረጋቸው። ትግርኛ የፊተኛውን ድምፅ ከኋለኛው አመሳስሎ «ጅንጅብል» ይላል። ካይሮዎች ደግሞ ቦታ አለዋውጠው «ገንዘቢል» ይላሉ፤ ከገንዘብ ጋር ግን ዝምድና የለውም!

— ከጣሊያንኛ ተውሰነው ቢሆንስ?

— መጨረሻውን ይዩ። በግሪክና በላቲን በኩል የሄደው ር አልጣለም፦ ጣሊያንኛ «ዜንዜሮ»፣ ጀርመንኛ «ኢንግቨር»፣ ሩሲያኛ «ኢምቢር»። በእኛ በኩል የመጣው በ«ል» ያልቃል፤ ዕብራይስጡ «ዛንግቪል»፣ ቱርክኛውም «ዘንጀፊል» ነው። ግሪኩን በፊደላችን ስትጽፉ ተጠንቀቁ፤ ሁለት ጋማ (የግሪኩ «ገ») ሲከታተሉ «ንግ» ተብለው ነው የሚነበቡት። ስለዚህ «ዚንጊቤሪስ» እንጂ «ዚጊቤሪስ» አይደለም።

— በሳንስክሪት «ሽሪንጋ» ቀንድ፣ «ቬራ» ገላ ነው። እንግዲህ ትርጉሙ «ገላው ቀንድ የመሰለ» መሆኑ ነው?

— ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ቃሉ ለሳንስክሪትም ባዕድ ነው፤ ምንጩ የደቡብ ሕንድ ድራቪድ ቋንቋዎች ናቸው። ታሚሎች ዛሬም ዝንጅብልን «ኢንጂ»፣ ሥርን «ቬር» ይላሉ። የጥንቱ ቃል መነሻ ላይ ተነባቢ ነበረ፤ ታሚል ጣለው፣ ፓሊ ግን በ«ሲ» ያዘው። ስለዚህ «ቬራ» ገላ ሳይሆን ሥር ነው። ቀንዱን ያመጡት ባዕዱን ቃል በራሳቸው ቋንቋ ሊፈቱት የሞከሩት የሳንስክሪት ሊቃውንት ናቸው። የዝንጅብል ሥር እውነትም ቅርንጫፍ ያለው ቀንድ ስለሚመስል ፍቺው ተመቻቸላቸው።

— ዛንዚባርን ላነሡት ወዳጃችን አንድ ልጨምር። በ1ኛው መቶ ዘመን ሮማዊው ፕሊኒዮስም ዝንጅብል በዓረቢያና በትሮጎዲቲካ፣ ማለትም በአፍሪካው የቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ይበቅላል ብሎ ጽፏል። ጭነቱ ከሕንድ ተነሥቶ በቀይ ባሕር ያልፍ ስለነበር፣ ሸማቾቹ ጭነቱ የሚያልፍበትን ወደብ የሚበቅልበት እርሻ አድርገው ቆጥረውት ነው።