በማዞር ምርመራ ላይ የዓይን እንቅስቃሴ ቅጂ ሲዛባ

ጥያቄ (ከጅማ)
ሰላም ለሁላችሁ። የማዞር ሕመምተኞችን ዓይን በኢንፍራሬድ መነጽር ስንቀዳ መስመሩ ይዘላል። የውኃ ምርመራው (ውኃ ጆሮ ውስጥ ገብቶ የዓይን ምላሽ የሚለካበት) ደግሞ ሁለቱም ጆሮ ደካማ ነው ይላል። ጉድለቱ ከሰውየው ነው ከአሠራሩ?

መልስ 1
መዝለሉን በተመለከተ መጀመሪያ ኩሉን ያስጠርጉ። ካሜራው ብሌንን የሚለየው በጥቁረቱ ስለሆነ የተኳለ ዓይን ያሳስተዋል። የወረደ የዓይን ቆብ በፕላስተር ይነሣ። ካሊብሬሽን (መሣሪያውን ከሰውየው ዓይን ጋር ማስተካከል) ለእያንዳንዱ ሰው እንደ አዲስ ይሠራ።

መልስ 2
ሁለቱም ጆሮ ሲደክም መድኃኒት ይጠይቁ። ዲያዜፓም (ማረጋጊያ) እና ሲናሪዚን (የማዞር መድኃኒት) ምላሹን ያፍናሉ፤ ሐኪሙ ከፈቀደ ከ48 ሰዓት በፊት ይቁሙ። ዲያዜፓም ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው ግን በድንገት አያቋርጥ! ኩክ ይጽዳ፤ ታምቡሩ የተቀደደ ከሆነ ውኃ አይገባም። ሰውየው በጀርባው ተኝቶ ጭንቅላቱ 30 ዲግሪ ቀና ይበል፤ ውኃው 30 እና 44 ዲግሪ ሴልሺየስ ሆኖ የሚለካው ቱቦው ጫፍ ላይ ነው፣ ማጠራቀሚያው ውስጥ አይደለም። በየመሐሉ 5 ደቂቃ ይረፉ። በጨለማ፣ ዓይን ተገልጦ፣ ከ100 ወደ ኋላ ያስቆጥሩ፤ ያንቀላፋ ሰው ምላሹ ይጠፋል። ይህ ሁሉ ተስተካክሎም ከደከመ የውስጥ ጆሮን የሚጎዱትን የጄንታማይሲን ወይም የስትሬፕቶማይሲን አንቲባዮቲኮች ወስዶ እንደሆነ ይጠይቁ።

መልስ 3
በመልስ 2 እስማማለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ጭንቅላት 45 ዲግሪ ዞሮ ወደ ኋላ ሲተኛ ዓይን እየተሽከረከረ ወደ ላይ ከዘለለና ከ1 ደቂቃ በታች ከቆየ፣ የኤፕሊን ሕክምና (ጭንቅላትን በተራ እያዞሩ የጆሮ ውስጥ ጠጠሮችን ወደ ቦታቸው መመለስ) እዚያው ሰጥተው እንደገና ይቅዱ። ማዞሩ ሳያቋርጥ ቆይቶ የዓይኑ ዝላይ እንደ እይታው አቅጣጫ ከተቀያየረ ግን ስትሮክ ነው ብለው ያስቡ፤ ቅጂው ይቆይና በፍጥነት ሪፈር ይጻፉ።